የመንገደኛ ብር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ ሸለመኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ያውም በግንቦት፣ ጋቢ! የመሥሪያ ቤቱ ወጣቶች ደብረ ብርሃን ድረስ ወጥተው ነው የገዙት፤ እዚያ ብርዱ ሲነካቸው ይሆናል ያሰቡት። ላቤ እየወረደ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና ፎቶ ተነሣን። ከዚያ አንዱ ወጣት ተነሥቶ «ጋሽ ግርማ፣ ከሥራ ዘመንዎ የማይረሱትን አንድ ነገር ያጫውቱን» አለ። ወዲያው የመጣልኝ የእትዬ የሺ ቤት ነው። ያንን ደግሞ ለስላሳና ዳቦ ይዞ ለተቀመጠ ሰው አይነግሩትም። «ሁሉም ጥሩ ነበር» ብዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ።

ሁሉም ጥሩ አልነበረም። ያን ቀን የዋጥኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የተቀጠርኩት መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ማጀቴ ከተማ ነበር፣ የገበያ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኜ። ደመወዜ ለአንድ ሰው ይበቃል ይባል ነበር፤ እኔ ቤት ግን የሚበላው አንድ ሰው አልነበረም። አለቃዬ ጋሼ ተሰማ ይባላሉ። አጠር ያሉ፣ በጋ ከክረምት ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ፣ መሐረባቸውን ውኃ ነክረው አንገታቸው ላይ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰብሳቢ ከገበያተኛው ብር እየተቀበለ ደረሰኝ ሳይሰጥ ኪሱ ሲከት ተይዞ ነው የሄደው። እናም ጋሼ ተሰማ የመጀመሪያውን የደረሰኝ ጥራዝ ሲሰጡኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ይህን የሰጠሁህ እነሱን ልትይዝበት አይደለም፤ እነሱ አንተን እንዲይዙህ ነው። ያችን ሽንኩርት ሻጭ አየሃት? ከፍያለሁ ብትል ማን ያምናታል? ወረቀት ስትይዝ ግን አንተም እኔም መንግሥትም እናምናታለን። እወቅ፤ ወረቀት የሌለው ነገር እንዳልተደረገ ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ይነግሯት ነበር። እኛም እየቀለድን ከኋላቸው እንደግማታለን። አንድ ቀን ሻይ ጋብዘውን ሊወጡ ሲሉ አንዱ ጓደኛችን «ጋሼ፣ ወረቀት ስለሌለው እንዳልጠጣን ነው» ብሎ አሳቃቸው። ለደካማው ሰው መከታ እንድትሆን ያወጧት ቃል ነበረች።

ሁለተኛው ልማዳቸው መቀመጥ ነው። ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ካራቆሬ ተዛውረን የነጋዴውን የቀን ገቢ እንገምት በነበረበት ጊዜ ነው በደንብ ያወቅሁት። የቀሩት ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየሮጡ፣ ዕቃውን በዓይናቸው ቃኝተው ቁጥር ይጥላሉ። ጋሼ ተሰማ ግን ገብተው ይቀመጣሉ። ሻይ ያዛሉ፤ ሒሳቡንም ሳይከፍሉ አይወጡም። ከባለቤቱ ጋር ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሾ እህል ዋጋ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ያወራሉ። ወረቀት አያወጡም። እኔ እየተቁነጠነጥኩ «ጋሼ፣ መሸብን እኮ» ስላቸው «ቤቱ ራሱ ይንገረን፣ ታገሥ» ይሉኛል።

ቤቱም ይነግራቸው ነበር። አንዱ ባለ አልጋ ቤት «ዘንድሮ እንግዳ የሚባል ጠፍቷል» ብሎ ሲያለቅስ፣ እሳቸው በጓሮው በር የተሰጣውን አንሶላ ያያሉ። ካልተተኛበት አንሶላ አይታጠብም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዕቃው እስከ ጣሪያ የተቆለለበት ሱቅ ገባን። ጓደኞቻችን ይህ የከተማው ቱጃር ነው ብለው ሊጭኑበት ነበር። ጋሼ ተሰማ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሰው እየገባ ይጠይቃል፤ ሳይገዛ ይወጣል። መደርደሪያው ላይ ጣታቸውን ቢያሳልፉ አቧራው እንደ ዱቄት ነው። ሰውየው በዱቤ ያመጣው ዕቃ አልሸጥ ብሎት፣ ሚስቱ ጓሮ እንጀራ እየሸጠች ነበር የሚኖሩት። ግምቱን ዝቅ አስደረጉለት። ስንወጣ «እኛ የምንሰፍረው የሰው ኑሮ ነው፤ ቁናችን ልክ ካልሆነ በረከት የለውም» አሉኝ።

እኔ ሙያዬን የተማርኩት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፦ ከወረቀቱና ከመቀመጡ።

ሸዋ ሮቢት ተዛውረን ስንመጣ ብዙ ነገር ተለወጠ። አለቃ በአለቃ ላይ ተተካ። አንዱ የገቢ ዕቅዱን በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ቀጣዩ አውርዶ የበለጠ ትልቅ ሰቀለ። ከዚያ ካሽ ሬጅስተር መጣ። የሽያጭ መመዝገቢያ ይባላል በመመሪያው፤ ነጋዴው ግን «ማሽኗ» ነው የሚላት። መጀመሪያ ፈሯት፤ አንዳንዱ በአቧራ ምክንያት ነው እያለ በነጠላ ጠቅልሎ ያስቀምጣት ነበር። የማሽኗን ማኅተም መርምሬ፣ ባለቤቱን አስቀምጬ፣ እንዴት ደረሰኝ እንደሚቆርጥ፣ ሱቅ ሲዘጋ እንዴት የቀኑን ሽያጭ ደምራ እንደምትዘጋ አሳይ ነበር። ያንን የመዝጊያ ወረቀት ዜድ እንለዋለን። ጋሼ ተሰማ ማሽኗን ሲያዩ ደስ ብሏቸው «እነሆ፣ የማትቀመጥ፣ ሻይ የማትጠጣ ገማች መጣች» አሉ። ትንሽ ቆይተው ጡረታ ወጡ።

በመጨረሻ የመጣው የካርድ ማሽን ነው። ባንኮቹ ለትልልቆቹ ሆቴሎችና ለነዳጅ ማደያው አደሉ። ከዚህ በኋላ ያለውን ነገር ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ለመንግሥት በካርድ የተከፈለውም በጥሬው የተከፈለውም አንድ ነው። ደንበኛው ካርዱን ሲያንሸራትት ብሩ ከእሱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ነጋዴው ሒሳብ ይገባል፤ ነጋዴው ደግሞ እንደ ማንኛውም ሽያጭ በካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ በየወሩም ለእኛ ያሳውቃል። የእኛ ሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ነው። በካርድ የገባው ካሳወቀው ሽያጭ ከበለጠ፣ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ አለ ማለት ነው። በዚህ መንገድ እውነተኛ ሌባ ይዘናል። በካርድ እየተቀበለ፣ ማሽኗ ተበላሽታለች እያለ ደረሰኝ የሚከለክል አንድ ሆቴል ቤት ነበር፤ ሲያዝ እኔም ደስ ብሎኛል። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

እትዬ የሺ ሆቴል ነበራቸው፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ በረንዳው በማንጎ ዛፍ ጥላ የተሸፈነ። ወደ ደሴ የሚወጡና ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ አውቶቡሶች ምሳ የሚቆሙት እዚያ ነው። ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ሞቱና እትዬ የሺ አስከሬኑን ይዘው ሲመጡ፣ ጣርማ በር ተራራ ላይ የተከራዩት መኪና ተበላሸ። ሌላ መኪና ለመከራየት በእጃቸው የቀረ ብር አልነበረም። በዚያ ጉም፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር መንገድ ዳር ቆመው ሳለ፣ አንድ የማያውቁት ሰው መኪናውን አቁሞ ጠየቃቸው፤ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ስሙን ሳይነግራቸው ሄደ። ይህን የማያውቅ የሮቢት ሰው የለም። እትዬ የሺም ከዚያ ወዲህ መንገደኛ አይመልሱም ነበር። ብር ያልቀረው ይበላል፤ ማደሪያ ያጣ ያድራል።

የካርድ ማሽኑ ሲመጣ ታዲያ ደግነታቸው አዲስ መንገድ አገኘ። የከተማችን ኤቲኤም አንድ ቀን ቢሠራ ሌላ ቀን «ሲስተም የለም» ነው። መንገደኛው ካርድ አለው፣ ብር የለውም። ጎማ ፈንድቶበት፣ ሕመምተኛ ይዞ፣ መርዶ ተነግሮት እየሄደ በረንዳው ላይ ግራ ተጋብቶ ይቆማል። እትዬ የሺ ይጠሩታል። ካርዱን ያንሸራትታሉ፤ የፈለገውን ያህል ብር ወደ እሳቸው ሒሳብ ይገባል፤ እሳቸውም ያንኑ ያህል ከሽርጣቸው ኪስ ቆጥረው ይሰጡታል። የሸጡት ነገር የለም። ስላልሸጡም ደረሰኝ አልቆረጡም።

ከዞን የመጣው ማነጻጸሪያ ላይ የእሳቸው ቤት ከሁሉ በላይ ቀይ ሆኖ ወጣ። በካርድ የገባው ካሳወቁት ሽያጭ እጅግ ይበልጣል። ጉዳዩ ለእኔ ተሰጠ። ስሄድ በረንዳው ላይ ድንች ይልጡ ነበር።

«ግርማ፣ ምሳ በላህ?»

«እትዬ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ በባዶ ሆድህ ልትከሰኝ ነው? ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። «ይህ ሁሉ በካርድ የገባው ብር የምን ነው?» አልኳቸው።

«የመንገደኛ ነዋ! የእኔ መሰለህ እንዴ?» ቢላዋውን አስቀምጠው ነገሩኝ።

«የሰጧቸውን ሰዎች ስም አልያዙም?»

«ውይ! የቸገረው ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ስምህ ማነው ይባላል? ያን ጊዜ ለማኝ አደረግኩት እኮ ልጄ። የእኔን ሰውዬ ያደረሰልኝ ሰው ስሜን ጠየቀኝ?»

«ባንኩስ በየጊዜው ከእርስዎ ላይ እንደሚቆርጥ ያውቃሉ? እየከሰሩ ነው እኮ።»

«ይቁረጥ። የባንክ ሰዎችስ ልጆች የላቸውም?»

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ደረቀ፤ ምን እየመጣ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም።

ጋሼ ተሰማ ባስተማሩኝ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ በሚቆምበት ሰዓት በረንዳው ላይ ነበርኩ። አየሁ። ኮምቦልቻ ለቀብር የምትሄድ ሴት አየሁ። ጎማ የፈነዳበት ባለ ሱፍ ሰውዬ አየሁ፤ ከመቸኮሉ የተነሣ ሳያመሰግን ነው የሮጠው። «እንግዲህ ምርቃቱንም ረሳው» ብለው እትዬ የሺ ሳቁ። አንድም ጊዜ ከሰጡት ላይ ሳንቲም ሲያስቀሩ አላየሁም።

የካርድ ማሽኗም በእያንዳንዱ ጊዜ ቁራጭ ወረቀት ታወጣለች። እትዬ የሺ አንድ ኮፒውን በሩ አጠገብ ከምስማር ላይ ይሰኩት ነበር። አውርጄ አገላበጥኳቸው። ከላይ ያሉት ይነበባሉ፤ «ሽያጭ» ይላሉ ሁሉም፣ ማሽኗ ሌላ ቃል አልተሰጣትማ። የቀብሩም ብር ሽያጭ፣ የጎማውም ብር ሽያጭ። ከታች ያሉት፣ የአምናዎቹ፣ ነጭ ሆነው ነበር። ያ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ በሙቀት ይጠፋል፤ የሮቢት ፀሐይ ደግሞ ለማንም አያዝንም።

ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ለኃላፊያችን ሰጠሁ። አንብቦ «ጋሽ ግርማ፣ ያዩት የዚህን ሳምንት ነው። ሒሳቡ የአምና ነው» አለኝ። ባንኩን በደብዳቤ ብንጠይቅ በካርድ የተፈጸመ ክፍያ ነው ብሎ መለሰ። ልዩነቱ እንደ ተደበቀ ሽያጭ ተወስዶ፣ ግብሩ ከነቅጣቱ ተወሰነባቸው። መጠኑን አልጽፍም። የቀራቸው መንገድ የአቤቱታ ኮሚቴ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰሎሞን ይባላል። ጋሼ ተሰማ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ከኮሌጅ መጥቶ ከእጃቸው የተማረ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ የነጋዴ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ምስክር ያስፈልጋል ተባለ። መንገደኞቹ ሄደዋል። የአውቶቡስ ረዳቶችን ለመንኩ፤ «እኛን ግብር ውስጥ አታስገቡን» አሉ። በመጨረሻ ጋሼ ተሰማ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ከጡረታ በኋላ ምሳቸውን የሚበሉት እትዬ የሺ ቤት ነበር። የጡረታ አበላቸውንም ኤቲኤሙ እምቢ ሲላቸው እዚያ ነው ካርዳቸውን አንሸራትተው የሚወስዱት። የአምናውንም ያቻምናውንም በዓይናቸው አይተዋል። ስነግራቸው ወዲያው ባርኔጣቸውን ብድግ አደረጉ።

«እመሰክራለሁ። እነዚያን ልጆች ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሏቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለሥራ ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው።

አቤቱታው የሚሰማበት አዳራሽ ሲገቡ ኮሚቴው በሙሉ ተነሣላቸው። ሰሎሞን የራሱን ወንበር ሰጣቸው። እትዬ የሺ ጥግ ይዘው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ጋሼ ተሰማ ያዩትን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ በረንዳው ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ማን መጥቶ ምን እንደ ወሰደ፣ የራሳቸውንም ጨምረው። ሰሎሞን አንገቱን ደፍቶ አዳመጣቸው። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ በትሕትና እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አምናለሁ። እትዬ የሺንም አምናለሁ። ነገር ግን የሰጡት ብር ይህን ያህል ነው፣ ለዚህ ሰው ነው የሚል አንድ ወረቀት የለም። ነገ ሌላው ነጋዴ የሸጠውን ሁሉ ለመንገደኛ የሰጠሁት ነው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ጋሼ፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ወረቀት የሌለው ነገር እንዳልተደረገ ነው ብለው።»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ተሰማ ወደ እኔ ዞሩ፤ የሚሉትን ላቀብላቸው የፈለጉ መሰለኝ። እኔ ተነሥቼ «ጋሼ መቀመጥንም አስተምረውናል! ቤቱን ተቀምጣችሁ እዩት፣ አንድ ቀን ብቻ እዩት» አልኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ሰሎሞን «ጋሽ ግርማ፣ መቀመጥ ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሕጉ አይሆንም።

ጋሼ ተሰማ ባርኔጣቸውን አነሡ። «ብያለሁ። እውነት ነው፣ ብያለሁ» አሉና ወጡ። በር ላይ እትዬ የሺን «ይቅር በይኝ እቴ» ሲሏቸው ሰማሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ግን ጋሼ ተሰማ ያንን ቁና የሠሩት ለእኛ ለሰብሳቢዎቹ ነበር፣ እንዳንሰርቅ። ሌላ ሰው ይሰፈርበታል ብለው አላሰቡም።

ውሳኔው ጸና። ይግባኝ ለማለት ደግሞ አስቀድመው የሚያስይዙት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ እትዬ የሺ ያንን ከየት ያመጣሉ? የጓሮውን ቦታ ሸጡ፣ አልጋዎቹን ሸጡ፣ በመጨረሻ በሩን ዘጉ። ዕዳውን ከፍለው ሲጨርሱ ቤቱን ለማሾ ነጋዴ አከራዩት፤ መንገደኛ ያድርበት የነበረው ክፍል ሁሉ ጆንያ ተቆለለበት። ደብረ ብርሃን ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ዕቃ ላሳፍራቸው ሄጄ ነበር። አልተቆጡኝም። መቆጣት ቢያውቁ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም ግርማ» አሉኝ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል። «ብሩን የሰጠሁት ለሰው ነው፤ ሰውየው ለራሱ ካርድ ከፈለ፤ ታዲያ የጠፋው የማን ነው?»

በግብር ሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። «በደህና ይግቡ» ብዬ በሩን ዘጋሁላቸው። መኪናው ሽቅብ ወደ ጣርማ በር ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ የካርድ ማሽን ያላቸውን ቤቶች እየዞርኩ እንዳስተምር ታዘዝኩ። አስተማርኩ። ሥራዬ ነው፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሌላ እትዬ የሺ እንዳይጎዱ ፈልጌያለሁ። ነዳጅ ማደያው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሆቴሎቹ ሁሉ ሰሙኝ። «በካርድ የገባ ብር ሁሉ ደረሰኝ ይኑረው። ለማንም ሰው ካርድ አንሸራትታችሁ ጥሬ ብር አትስጡ። ወንድማችሁ ቢሆን፣ እናታችሁ ብትሆን አትስጡ» አልኳቸው። ደረጀ የሚባለው፣ አዲሱን ሆቴል የከፈተው ልጅ፣ እጄን ጨብጦ «ጋሽ ግርማ፣ አዳኑን» አለኝ።

ጋሼ ተሰማ ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት መውጣት ተዉ። ስጠይቃቸው ስለ ማጀቴ ገበያ ያወሩኛል፤ ስለዚያ አዳራሽ አንድም ቀን አላነሡም። በዓመቱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰሎሞን ከሁሉም በላይ አለቀሰ።

አሁን ያ ጋቢ ሣጥን ውስጥ ነው። ባለፈው የጡረታ አበሌን ላወጣ ኤቲኤሙ ጋ ስሄድ እንደ ልማዱ «ሲስተም የለም»። አንዲት ልጅ ካርዷን ይዛ ማሽኑን ደጋግማ ትነካካለች። መንገድ ማዶ ሚኒባስ ቆሟል፤ ውስጡ አንድ ሽማግሌ የኋላው ወንበር ላይ ተጋድመዋል። አባቷ ናቸው፤ ከማጀቴ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል እየወሰደቻቸው ነው። ሾፌሩ «ለነዳጅ ካልሰጠሽኝ አልቀጥልም» ብሏታል፤ እሷ ደግሞ ያላት ካርድ ውስጥ ነው። ማደያው ካርድ ማሽኑ እንደተበላሸ ነግሯታል።

«ነይ» አልኳትና ደረጀ ሆቴል ወሰድኳት። ደረጀ እኔን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሽ ግርማ፣ እርስዎማ ያውቁታል» አለኝ።

«አውቀዋለሁ። አባቷን እይ፣ እዚያ ናቸው።»

«አየሁ። እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ።» ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መሬት ነበር የሚያየው። «ግን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት ጋሼ። እናትህ ብትሆን አትስጥ ያሉት እርስዎ ነዎት። የእትዬ የሺ ነገር እንዲደርስብኝ ይፈልጋሉ?»

አልፈልግም። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ሰጠኋት፤ ደረጀም ከራሱ ጨመረላት። ተደምሮም የጣርማ በርን ዳገት የሚያስወጣ አልነበረም፤ ሾፌሩ ግን ሽማግሌውን አይቶ በቃ በዚሁ ልውሰዳቸው አለ። ልጅቷ ስትገባ ስልክ ቁጥሬን ለመነችኝ፣ እልካለሁ ብላ። አልሰጠኋትም፤ ስሟንም አልጠየቅኳትም።

የሚኒባሱን በር ይዛ መለስ አለችና የተዘጋውን፣ የማንጎ ዛፍ ያለበትን በረንዳ አየች። «አባባ፣ ለሌላ ጊዜ እንኳ እንዳውቀው፣ በዚህ ከተማ ካርድ ተቀብሎ ብር የሚሰጥ ቤት የለም?» አለችኝ።

«ነበረ» አልኳት።